ዝግጅቱ ከ9ኛ ክፍል ይጀመር

እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ብዙዎቻችን ዩኒቨርሲቲን የምናስበው 12ኛ ክፍል ስንደርስ ነው። ያን ጊዜ ስለት እንሳላለን፤ ሱባዔ እንገባለን። ጸሎቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ያልተጠናውን ፊዚክስ አይተካም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የ11ኛ ክፍል ሂሳብ የሚከብደን የ9ኛውን ሳንረዳው ስላለፍን ነው። የተፈጥሮ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ መስክም የሚመረጠው ከ12ኛ ክፍል በፊት ነው (ጓደኛውን ተከትሎ የሚመርጥ አይጠፋም)፤ ሐኪም ለመሆን የሚመኝ ቀድሞ ይወቀው። ወላጆቻችን «የመዝሙር ጥናቱ ትምህርታችሁን በላው» እያሉ የሚያስቀሩን ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ከእሑዱ መርሐ ግብር በኋላ አንድ ሰዓት አብረን እናጥና፤ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ወንድሞችና እኅቶችም ለዕረፍት ሲመጡ ሂሳቡን እንዲያስረዱን እንጠይቃለን።