ለጠቦት ማድለቢያ የሚሆን መኖ ስለ መምረጥና ስለ አያያዙ

በግ ለማድለብ የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ ጠቦቱን አስቀድሞ ይገዛል፤ ስለ መኖው የሚያስበው ግን ጠቦቱ ከደጅ ከታሰረ በኋላ ነው። በዚህም ምክንያት በዐቢይ ጾም መግቢያ የተገዛው ጠቦት ለፋሲካ ገበያ ሲደርስ እንደ ተገዛ ሆኖ ወይም ከዚያ ይልቅ ከስቶ ይገኛል። ባለቤቱም የገዛበትን ገንዘብ፥ የደከመበትን ጊዜና የጠባቂውን ደመወዝ ባንድነት ያጣል። ለዚህ ጉዳት ብዙ ሰው የበጉን ዘር ወይም የገበያውን መጥፎነት ምክንያት ያደርጋል። ነገሩ በደንብ ሲመረመር ግን መኖው ሳይመረጥ፥ ሳይመዘንና ሳይዘጋጅ ሥራው በመጀመሩ የመጣ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ መኖ እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚያዝ ከዚህ ቀጥሎ በየተራው ተገልጿል።

ስለ ሁለት ቦታዎች

ማኪንድዬ የካምፓላ ከተማ ከተከፈለባቸው አምስት ክፍሎች አንዱ ሲሆን፥ በደቡብ በኩል እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ይደርሳል። ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚኖሩባቸው፥ ያገራችንም ምግብ ቤቶች የሚገኙባቸው ካባላጋላና ካንሳንጋ በዚሁ ክፍል ውስጥ ናቸው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። ዝናቡም በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ይኸውም ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ ይበረታል። በኡጋንዳ በግ ከፍየል እጅግ ያነሰ ነው። ሆኖም በዓል የሚያከብር ሰው ባለበት ሁሉ በግ ፈላጊ አይጠፋም።

ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፥ ብርዱ የጸና ደጋ ነው። ዋናው ዝናብ በሰኔ መጨረሻ ገብቶ በመስከረም ይወጣል፤ ከዚያም በኋላ ውርጭ ይወርዳል። ያገሩ በግ የመንዝ በግ ነው፤ ሰውነቱ አነስተኛ ቢሆንም ብርድንና የመኖ ማነስን በመታገሥ የታወቀ ነው።

እነዚህ ሁለት ቦታዎች ባንድነት የተነሡበት ምክንያት አለ። በማኪንድዬ እንደ ልብ የሚያድገው የዝሆን ሣር በደብረ ብርሃን ውርጭ ያቃጥለዋል። በደብረ ብርሃን የሚያምረው አጃ ደግሞ በማኪንድዬ ሙቀትና እርጥበት እንደዚያ አያምርም። እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት፥ ሰው መኖን የሚመርጠው የጎረቤት አገር መኖ ስለ ተመሰገነ ሳይሆን የራሱን ምድር ከፍታ፥ ዝናብና ብርድ ተመልክቶ መሆን እንደሚገባው ነው።

1ኛ፤ ጠቦቱ የሚፈልገው ምን ያህል ነው?

ለማድለብ የሚገባው ጡት የጣለ፥ ጤናማና አጥንተ ሰፊ ጠቦት ነው። ጠቦት በቀን ከክብደቱ በመቶ 3 ወይም 4 እጅ ያህል መኖ ይበላል፤ ይህም ሲባል የመኖው ውሃ ሳይቈጠር ደረቁ ብቻ ተመዝኖ ነው። ስለዚህ 20 ኪሎ የሚመዝን ጠቦት በቀን 800 ግራም ያህል ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል።

ሆድ መሙላት ብቻውን ግን አያወፍርም። ለሚያድግ ጠቦት ከደረቁ መኖ ውስጥ በመቶ 14 እስከ 16 እጅ የሚሆነው ፕሮቲን የተባለው አካል ገንቢ ምግብ ሊሆን ይገባል። የገብስና የጤፍ ጭድ ከመቶ 4 ወይም 5 እጅ ያህል ብቻ አለው። ጭድ ብቻ የሚበላ ጠቦት ሆዱ ተነፍቶ ወገቡ የሚሾለው ስለዚህ ነው። ለጋ የዝሆን ሣር ከመቶ 8 እስከ 12 እጅ ይደርሳል፤ ሲያረጅ ግን ወደ ጭድ ይጠጋል። አልፋልፋና ቬች ከመቶ 18 እጅ በላይ፥ የኑግ ፋጉሎ ደግሞ 30 እጅ ያህል አላቸው። ከዚህም የሚታየው፥ ሣርን ከአተር ወገን ተክል ጋር ማዋሐድ የማድለብ ሥራ መሠረት መሆኑ ነው።

2ኛ፤ ለየቦታው የሚስማማው መኖ

ለደጋ አጃና ቬች ባንድነት ተዘርተው የተመሰገኑ ናቸው። አጃው ለቬቹ ሐረግ ድጋፍ ይሆናል፤ ቬቹም ለድርቆሹ ፕሮቲን ይጨምራል፥ ምድሩንም ያዳብራል። ለአንድ ሄክታር 75 ኪሎ አጃና 25 ኪሎ ቬች ቀላቅሎ በክረምት መግቢያ መዝራት ይበቃል። በእርሻ ዳርና በአጥር ላይ ትሪ ሉሰርን የተባለውን ዛፍ መትከል ይጠቅማል፤ ቅጠሉ በበጋ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቆይ ድርቆሹ በሚያልቅበት ጊዜ ይረዳል። በመስኩ ላይ በክረምት ራሱ የሚበቅለው ማገጥም የአተር ወገን ስለ ሆነ፥ መስኩን እስከ መስከረም ከልሎ ማጨድ እንጂ በጭቃ ማስረገጥ አይገባም።

ለወይና ደጋ ከጨንቻ አገር የታወቀው የደሾ ሣር ይስማማል። ሥሩ ተከፋፍሎ ይተከላል፤ ምድርን ከመሸርሸር ስለሚጠብቅ በእርከን ላይ ሲተከል ጥቅሙ እጥፍ ነው።

እንደ ማኪንድዬ ላለ ሞቃትና ዝናባም ቦታ የዝሆን ሣር ቀዳሚ ነው። ተወላጅነቱም የአፍሪካ ሞቃት ምድር ስለ ሆነ በዚያ አገር ሜዳውን ሞልቶ ይታያል። በየረድፉ መካከል 1 ሜትር፥ በየተክሉ መካከል ግማሽ ሜትር ተለክቶ ይተከላል። በረድፎቹ መካከል ዴስሞዲየም ወይም ላብላብ፥ በአጥሩ ዙሪያ ካልያንድራ ሲጨመር ሣሩና ፕሮቲኑ ከአንድ ጓሮ ይገኛሉ። የስኳር ድንች ሐረግም ለጠቦት መልካም መኖ ነው፤ ሥሩ ለሰው፥ ሐረጉ ለበግ ስለሚሆን ጠባብ ቦታ ላለው ሰው ይልቁንም ይጠቅማል።

3ኛ፤ ጠቦቱ ሳይገዛ መኖው ይቈጠር

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። አንድ ጠቦት በቀን ከሚበላው 800 ግራም ውስጥ 200 ግራሙ ፍሩሽካና ፋጉሎ ቢሆን፥ 600 ግራም ደረቅ መኖ ከሣር መገኘት አለበት። የዝሆን ሣር ከመቶ 80 እጁ ውሃ ስለ ሆነ፥ ይህ ማለት በቀን 3 ኪሎ እርጥብ ሣር ነው። ጠቦት ግንዱን ትቶ ቅጠሉን ስለሚመርጥ ሩብ ያህል ሲጨመርበት ወደ 3 ኪሎ ከ750 ግራም ይደርሳል።

ሣሩ ታጭዶ እንደገና እስኪደርስ 8 ሳምንት፥ ማለት 56 ቀን ቢፈጅ፥ ለአንድ ጠቦት 210 ኪሎ ሣር ያስፈልጋል። ከአንድ ካሬ ሜትር በአንድ አጨዳ 2 ኪሎ ቢገኝ፥ ለአንድ ጠቦት 105 ካሬ ሜትር ቦታ ይፈለጋል ማለት ነው። እንግዲህ በማኪንድዬ ኮረብታ ላይ 100 ካሬ ሜትር ጓሮ ያለው ሰው ከጓሮው የሚቀልበው አንድ ጠቦት ብቻ ነው። አምስት ጠቦት ቢገዛ አራቱ በልመና ሣርና በገበያ ልጣጭ ይኖራሉ፤ በመጨረሻም አምስቱም ይከሳሉ።

በደብረ ብርሃን አካባቢ ደግሞ ሩብ ሄክታር አጃና ቬች ዘርቶ 10 ኩንታል ድርቆሽ የሰበሰበ ገበሬ 900 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ አለው። አንዱ ጠቦት በ90 ቀን፥ የሚባክነው ተጨምሮ፥ 68 ኪሎ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ያ ገበሬ 13 ጠቦት ሊያደልብ ይችላል። ሃያ ቢገዛ ግን ድርቆሹ ከፋሲካ በፊት ያልቅበታል።

4ኛ፤ ስለ አጨዳና ስለ አቀማመጥ

ሣር በወጣትነቱ ሲታጨድ ያንሳል፥ ነገር ግን ይጣፍጣል፤ ሲያረጅ ይበዛል፥ ነገር ግን አይጠቅምም። መካከለኛውን መምረጥ ይገባል። የዝሆን ሣር ቁመቱ 1 ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከምድር አንድ ስንዝር የማይሞላ ጉቶ እየቀረ ይታጨዳል። ጓሮውን በ8 መደብ ከፍሎ በየሳምንቱ አንዱን መደብ ማጨድ መልካም ነው፤ ስምንተኛው ሲታጨድ የመጀመሪያው ዳግመኛ ይደርሳልና። ከጋጣው የሚወጣውም ፍግ ወደ ታጨደው መደብ ሊመለስ ይገባዋል። ሳይመለስ ቢቀር ሣሩ በየአጨዳው እየቀጠነ ይሄዳል።

አጃና ቬች አጃው አብቦ ፍሬው ወተት ሲይዝ ይታጨዳሉ። ድርቆሹ ሁለት ወይም ሦስት ቀን በፀሐይ እየተገለበጠ ይደርቅና አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ ከመጠለያ ይገባል። ከምድር ከፍ ባለ ርብራብ ላይ መከመር አለበት። ዝናብ የመታው፥ የሻገተና የጠቈረ ድርቆሽ ለጠቦት አይሰጥ።

በማኪንድዬ ዝናቡ ድርቆሽ ለማድረቅ ብዙ ጊዜ አይመችም። ስለዚህ በዝናብ ወራት የተረፈውን ሣር ከትፎ፥ በወፍራም የላስቲክ ከረጢት ወይም በጕድጓድ ውስጥ አየር እንዳይቀር አጥብቆ በመርገጥና አፉን በመዝጋት ማቆየት ይቻላል። ይህ ኮምጣጣ መኖ፥ በሙያ ቃል ሳይሌጅ የሚባለው፥ በደረቁ ወራት ይከፈታል።

5ኛ፤ ስለ አመጋገብ

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የማለማመጃ ጊዜ ናቸው። ጠቦቱ ከሜዳ መጥቶ ወዲያው እህልና ፋጉሎ ቢጠግብ ሆዱ ኮምጥጦ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በቀን ከ50 ግራም ጀምሮ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ወደ 200 ወይም 300 ግራም ማድረስ ይገባል። ሣር ወይም ድርቆሽ አስቀድሞ፥ ፍሩሽካና ፋጉሎ ከዚያ በኋላ ይሰጣል። ንጹሕ ውሃና ጨው ከፊቱ አይታጣ።

በካምፓላ ከየቤቱ የሚወጣ የማቶኬ ልጣጭ ለከብት መኖነት ይሰበሰባል። ልጣጩ ኀይል ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በካልያንድራ ቅጠል ወይም በጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ካልታገዘ ብቻውን አያደልብም። በስብሶ የሸተተውንም መጣል ይሻላል።

በዚህ አኳኋን የተያዘ ያገራችን የደጋ ጠቦት በቀን ከ70 እስከ 100 ግራም ሊጨምር ይችላል። በ90 ቀን ከ6 እስከ 9 ኪሎ ማለት ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለ ሆነ፥ ለፋሲካ የሚያደልብ ሰው ከጾሙ መግቢያ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ መጀመር ይኖርበታል። ሥራው መልካም መሆኑንና አለመሆኑን ለማወቅ ጠቦቱን በየሁለት ሳምንቱ መመዘን ይገባል፤ ሚዛን የሌለው ሰው ወገቡንና የጎድን አጥንቱን በእጁ ይዳብስ። አንድ ወር ሙሉ ያልጨመረ ጠቦት ሕመም እንዳለበት ይመርመር፤ ጤናማ ሆኖ ሳለ ካልጨመረ መኖ ከሚጨርስ ይሸጥ።

6ኛ፤ ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ ነገሮች

ጤዛ ያለበት ለጋ አልፋልፋ፥ ቬች ወይም ማገጥ በባዶ ሆድ የበላ ጠቦት ሆዱ ተነፍቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል። እነዚህን ግማሽ ቀን አጠውልጎ፥ ድርቆሽ ካስቀደሙ በኋላ መስጠት ይገባል።

ከረግረግ የታጨደ ሣር የጉበት ትል ያመጣል፤ ትሉ በረግረግ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ በሣሩ ላይ ይጣበቃልና። ይህ በደጋው ጨፌም በካምፓላ ሸለቆዎችም እኩል እውነት ነው። ከፋብሪካና ከጋራዥ ፍሳሽ በሚወርድበት ቦይ ዳር የበቀለ ሣርም ለምለም ቢመስል የሚበጅ አይደለም። ሥጋው ለሰው ማዕድ የሚቀርብ ነውና።

የዝሆን ሣርን የሚያቀጭጭ በሽታ በኡጋንዳና በኬንያ ብዙ ጉዳት አድርሷል፤ በኢትዮጵያም ታይቷል። የታመመው ሣር ከታጨደ በኋላ ቅጠሉ ቢጫና ጥቃቅን ሆኖ፥ ቁመቱ አጥሮ ይወጣል፤ በመጨረሻም ጉቶው ይደርቃል። በሽታውን ከተክል ወደ ተክል የሚወስዱት ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው፤ ሰውም የታመመ ቁራጭ ለተከላ ሲሰጥ ያዛምተዋል። እንዲህ ያለውን ከነሥሩ ነቅሎ ማጥፋት እንጂ ቁራጩን ለጎረቤት መስጠት ከቶ አይገባም።

7ኛ፤ የሹማምንትና የከተማ ሰዎች ድርሻ

በከተማ ውስጥ በግ ማርባት የጎረቤትን ጤና ስለሚነካ ያለ ሥርዓት አይሆንም። የካምፓላ ከተማ ምክር ቤት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. ስለ ከተማ እርሻና ስለ እንስሳት አያያዝ ደንቦች አውጥቶ፥ ሥራውን በፈቃድ እንዲሆን አድርጓል። ይህ መልካም ምሳሌ ነው፤ ጨርሶ ከመከልከልም እንዲያው ከመተው ይሻላልና። የአካባቢ ሹም ፈቃድ ሲሰጥ የጋጣውን ንጽሕና ብቻ ሳይሆን፥ አመልካቹ መኖውን ከየት እንደሚያገኝ ቢጠይቅ ሁለቱም ይጠቀማሉ። መኖ የሌለው በግ በመንገድ ላይ ይለቀቃል፥ የሰው አትክልት ይበላል፥ ክርክርም ወደ ሹሙ ያመጣል።

ከዚህም በላይ ጤናማ የመኖ ቁራጭና ዘር የሚገኝበት አንድ መደብ በየቀበሌው ቢኖር፥ ጎረቤት ከጎረቤት የታመመ ተክል ከመዋዋስ ይድናል። በማኅበር የተሰበሰቡ ሰዎችም ፋጉሎና ፍሩሽካ በኩንታል ባንድነት ቢገዙ ዋጋው ይቀንስላቸዋል።

በጠቅላላው ከዚህ ትምህርት ሦስት ነገር ይያዝ። መኖው ከምድሩ ጋር የሚስማማ ይሁን፤ ሣሩ ከአተር ወገን ተክል ጋር ይዋሐድ፤ የጠቦቱ ቍጥር በመኖው ልክ ይወሰን። አምስት ጠቦት አክስቶ ወደ ገበያ ከሚነዳ ሰው ይልቅ፥ አንዱን አጥግቦ የሚያወጣ ሰው ከኪሳራ ይድናል፤ ለሚመጣውም በዓል ሁለተኛውን የሚገዛበት ገንዘብ በእጁ ይቀራል።