ለጀልባ ክፍል የትኛው ኤሲ?

ጥያቄ፦ ዱባይ ወደብ ላይ የምትቆም ጀልባ አለችኝ። መኝታ ክፍሏ 6 ካሬ ሜትር ነው። 12 ሺህ ቢቲዩ ኤሲ ገዝቼ ሌሊቱን በባትሪ ባሠራውስ?

መልስ፦ አይዘልቅልዎትም። እንዲህ ያለው ኤሲ አንድ ኪሎዋት ገደማ ይፈልጋል፤ ከ12 ቮልት ባትሪ በኢንቨርተር ሲሳብ ወደ 90 አምፔር ይጠጋል። የ200 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹ ብቻ ስለሚነካ፣ ኮምፕረሰሩ ሳያርፍ ከሠራ ባትሪው ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ሶላር አለ ይሉኝ ይሆናል፤ 400 ዋት ፓነል ግን በቀትር እንኳ ግማሹን አይሸፍንም፣ ማታማ ጭራሽ። የወደቡን የኤሌክትሪክ መስመር ይጠቀሙ። ጀነሬተር ካስነሱ ጭሱ ወደ መኝታው እንዳይገባ፤ ይገድላል። ትልቁ ይሻላል የሚለውም አያሳምነኝም፦ ቶሎ አቀዝቅዞ ይቆማል፣ እርጥበቱን ሳያወጣ። 7 ሺህ ቢቲዩ ይበቃዎታል፤ የተረፈውን ገንዘብ ለመስኮት መጋረጃና ለጣሪያ ጥላ ያውሉት።