ውዱን ቢላዋ ልግዛው?

ጥያቄ፦ ለእግር ጉዞና ለድንኳን አዳር የማይታጠፍ ቢላዋ ልገዛ ነው። ዓይኔ ያረፈው የስዊድኑ ፎልክኒቨን ኤፍ1 ላይ ነው፤ ዋጋው ግን የሞራ ኮምፓኒየንን ብዙ እጥፍ ነው። ያዋጣል?

መልስ፦ ሥራዎ ገመድ መቁረጥ፣ ሽንኩርት መክተፍና ጭራሮ መላግ ከሆነ አያዋጣም። ሞራውን ይግዙ። ብረቱ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሚወፍር ምግብ ላይ እንዲያውም ከውዱ ይሻላል።

ልዩነቱ የሚታየው የቢላዋውን ጀርባ በዱላ እየመቱ እንጨት ሲፈልጡ ነው። የኤፍ1 ብረት 4.5 ሚሊሜትር ይወፍራል፤ እጀታውን ዘልቆም ከኋላ ብቅ ይላል። የኮምፓኒየኑ ግን እጀታው ውስጥ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ደጋግመው ሲመቱት የሚያሰጋውም እዚያው ጋ ነው። ኤፍ1 ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለስዊድን አየር ኃይል አብራሪዎች የተሰጠ ነው፤ ጫካ ውስጥ ለወደቀና ሌላ መሣሪያ ለሌለው ሰው ማለት ነው። እርስዎ ትንሽ መጥረቢያ ከያዙ ግን ይህ ጥንካሬ ብዙም አያስፈልግዎትም።

የኤፍ1 ስለትም ቶሎ አይደንዝ እንጂ፣ አንዴ ከደነዘ ለመሳል ከሞራው የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። መሳል ካልለመዱ በሚተርፍዎት ገንዘብ መጀመሪያ ጥሩ መሳያ ድንጋይ ይግዙ።