ከዘራውን ከመግዛትሽ በፊት

ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ፣ ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት ስሚኝ። ዘመድ ከአሜሪካ የመራመጃ መደገፊያ (ዎከር) ይዞ እስኪመጣ ብለሽ አትቀመጪ፤ እናትሽ ዛሬ ሌሊትም ሽንት ቤት መሄዳቸው አይቀርም።

መጀመሪያ ዝም ብለሽ ተመልከቻቸው። ከአልጋ ሲነሱ ምን ይጨብጣሉ? ሽንት ቤት ሲገቡ እጃቸው የት ያርፋል? የፎጣ ማንጠልጠያውን የሚይዙ ከሆነ የብረት መያዣ የሚያስፈልገው እዚያው ነው፤ ማንጠልጠያው የሰው ክብደት አይችልም፣ ተነቅሎ አብሯቸው ይወድቃል። የሰፈርሽ በያጅ ወፍራም ቱቦ ቆርጦ ይሠራልሻል። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ግን ውስጡ ባዶ ነውና ተራ ብሎን አይይዝም፤ ግንበኛው በደንብ ያስረው። ሲጨርስ፣ እሳቸው ከመንካታቸው በፊት አንቺ በሙሉ ክብደትሽ ጎትተሽ ሞክሪው።

ከዘራው ላይ ደግሞ እንዳትቸኩዪብኝ። የአባትሽ ከዘራ ቤት ውስጥ አለ ብለሽ እንዲሁ አትስጪያቸው፣ በልካቸው መሆን አለበት። ዘወትር የሚያደርጉትን ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ እጃቸውን ወደ ታች ይልቀቁት፤ የከዘራው እጀታ ከእጃቸው አንጓ ጋር እኩል ከሆነ ልክ ነው። ከረዘመ ትከሻቸውን ያነሳዋል፣ ካጠረ ያጎብጣቸዋል። የሚያማቸው ቀኝ ጉልበታቸው ከሆነ በግራ እጃቸው ነው የሚይዙት። አዎ፣ በግራ! ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዘዋል፤ እሳቸው እንዲህ እንዳያደርጉ። ከዘራውና የታመመው እግር አብረው መሬት ሲነኩ ነው ክብደቱ የሚከፈለው። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው። ጫፉ ላይ ያለችውን ጎማም አልፎ አልፎ ገልብጠሽ እዪ፤ ካለቀች ሴራሚክ ላይ ታንሸራትታለችና ቶሎ ቀይሪያት።

«ሰው ምን ይለኛል» ብለው እምቢ ካሉ አትጨቃጨቂያቸው። ቤተ ክርስቲያን ስንቱ በመቋሚያ ተደግፎ ነው የሚያስቀድሰው! ይዘሻቸው ሂጂና ቀለሙንም እጀታውንም ራሳቸው ይምረጡ።

ገላቸውን ሲታጠቡ በዚያ ቀጭን የፕላስቲክ ወንበር አታስቀምጫቸው፣ አደራ። እርጥብ ወለል ላይ እግሩ ይከፈታል። እግሩ ላይ ጎማ ያለውን የመታጠቢያ ወንበር ግዢ፤ ባልዲውንም እንዳያጎነብሱ ከፍ አድርጊላቸው።

መብራት ሲጠፋ በጨለማ እንዳይነሱ ቻርጅ የሚደረግ አምፖል ከአልጋቸው አጠገብ ይኑር። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ በድንገት ሲነሱ ሊያዞራቸው ይችላል፤ አልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት ተቀምጠው ይነሱ።

የመስሚያ መርጃ መሣሪያም ልትገዢላቸው ነው አሉ? ቆይ ሆዴ፣ መጀመሪያ ሐኪም ጆሯቸውን ይይላቸው። አንዳንዴ የደፈነው ኩክ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። በብብታቸው ገብተሽ እያነሳሽ ወገብሽን ልትጨርሺው ነው እኮ። ወደ ወንበሩ ጫፍ ጠጋ ይበሉ፣ እግራቸውን ወደ ኋላ ሰብሰብ ያድርጉ፣ ወደ ፊት ዘንበል ይበሉና ራሳቸው በእጃቸው ወንበሩን ገፍተው ይነሱ። ዎከር ቢኖራቸውም እሱን ይዘው አይነሱ፤ ይገለበጣል። አንቺ ሥራሽ መደገፍ ብቻ ነው። ሆዳቸውን ወይም ጎናቸውን የሚያማቸው ነገር ከሌለ፣ ሰፊና ጠንካራ መቀነት ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገሽ ብታስሪ ጥሩ መያዣ ይሆንሻል። ስትሮክ የመታው ክንድ ካላቸው ደግሞ እሱን በፍጹም አትጎትቺ፤ ትከሻቸው ይጎዳል።

ይህን ሁሉ ለብቻሽ አትያዢው የኔ ዓለም። ወንድምሽ ቅዳሜ ሲመጣ ቡና አፍልተሽ ብቻ አትሸኚው። አነሣሡን አሳዪው፣ ከፊትሽ ይሞክረው፤ ከዚያ ሌሊቱን እሱ ይጠብቅና አንቺ ተኚ።