የጃቫ ፕሮግራም ያለ ጃቫ እንዴት ይሠራል?

በኮምፒውተር ክፍላችን ጃቫ የሚማሩ ተማሪዎች ፕሮግራማቸውን በፍላሽ ወደ ቤት ሲወስዱ የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «እዚህ የሠራው እቤት ለምን እምቢ አለ?»

ጃቫክ የተባለው ኮምፓይለር የጻፍነውን ወደ ማሽን ቋንቋ ሳይሆን ባይትኮድ ወደሚባል መካከለኛ ቋንቋ ይለውጠዋል። ባይትኮዱን የሚያስኬደው የጃቫ ቨርቹዋል ማሽን ነው። ይህ እንደ አስተርጓሚ ነው፤ እሱ ካለ በዊንዶውስም በሊኑክስም ያው ፕሮግራም ይሠራል፤ ከሌለ ግን አይነሳም።

ሌላው መንገድ ፕሮግራሙን አስቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ መለወጥ ነው። ተተርጉሞ የተላከ ደብዳቤ አንባቢው ዘንድ አስተርጓሚ እንደማይፈልግ ሁሉ፣ ይህም ጃቫ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ይሠራል። ለዚህ ከክፍት ምንጭ መሣሪያዎች ቀድሞ የታወቀው ጂሲጄ ነበር። የሚንከባከበው በማጣቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ጂሲሲ 7 ጀምሮ ቀርቷል። ክፍት ምንጭም ቢሆን ተንከባካቢ እጅ እንደሚያሻው ከዚህ እንማራለን።

ዛሬ ያለው አማራጭ የግራልቪኤም ኔቲቭ ኢሜጅ ነው። የኮሚዩኒቲ እትሙ ክፍት ምንጭ ነው፤ ክፍያም የለውም። ከሜይን ሜተድ ተነስቶ የሚደረስባቸውን ክላሶችና ሜተዶች ይለያል፤ የቀሩትን ይተዋል፤ የተለዩትን አንድ ፋይል ያደርጋቸዋል። ፋይሉ ፈጥኖ ይነሳል፤ የሚይዘው ሜሞሪም አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ነው። ለአሮጌ ኮምፒውተር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሆኖም ሦስት ነገሮች ልብ ይባሉ፦

1. ሥራው ራሱ ብዙ ሜሞሪና ጊዜ ይወስዳል፤ ጠንካራ ኮምፒውተር ይመረጥ።
2. ለሊኑክስ የተሠራ ፋይል በዊንዶውስ አይነሳም፤ ለእያንዳንዱ ለብቻው ይሠራል።
3. በሪፍሌክሽን የሚጠሩ ክላሶችን መሣሪያው ሁልጊዜ ራሱ አያገኛቸውም፤ በማዋቀሪያ ፋይል ልናስመዘግባቸው ይገባል።

ደግሞም ለረጅም ሰዓት ለሚሠራ ፕሮግራም ቨርቹዋል ማሽኑ ሊፈጥን ይችላል፤ እየሠራ ሳለ ደጋግሞ የሚጠራውን ክፍል ለይቶ ያሻሽለዋልና።

መልመጃ፦ የአምስት ትምህርቶችን ውጤት ተቀብሎ አማካይ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፉ። በሁለቱም መንገድ አስኪዱት፤ ለመነሳት የፈጀውን ጊዜና የያዘውን ሜሞሪ በሠንጠረዥ መዝግቡ። ከዚያ ጃቫ በሌለበት ኮምፒውተር ሞክሩት።

ወላጆችም ልጆቻችሁ ሥራቸውን ሲያሳዩአችሁ «የትኛውን መንገድ መረጥህ? ለምንስ መረጥሽ?» ብላችሁ ጠይቁልን። ምክንያቱን በራሱ አንደበት ያስረዳ ልጅ ትምህርቱ ገብቶታል።