ፀጉር በሃያዎቹ ዕድሜ ሲሳሳ፦ ከማስተከል በፊት ማቆየት

በሃያ ሁለት ዓመቱ ፀጉሩ ከግንባሩ ግራና ቀኝ መሸሽ የጀመረ ወጣት አብዝቶ የሚያስበው የሄደውን ስለ መመለስ ነው። ሊያስቀድም የሚገባው ግን ያለውን ማቆየት ነው፤ ዛሬ ያሉት መድኃኒቶች የጠፋውን ከማብቀል ይልቅ የቀረውን በመጠበቅ ይበረታሉና። እርግጥ ሁሉም መርገፍ አንድ አይደለም። ከከባድ ትኩሳት ሁለት ሦስት ወር በኋላ የሚረግፍ ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይመለሳል፤ ላሽ በክብ በክብ ይመልጣል፤ ጠብቆ የተሠራ ሹሩባም ፀጉርን ከዳር ከዳር ይነቅላል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት የቆዳ ሐኪም መለየት አለበት።

በወንዶች ዘንድ የተለመደው በራነት ግን መነሻው ከታወቀ ቆይቷል። አሜሪካዊው ጄምስ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው ጥናት ከጉርምስና በፊት የተሰለቡ ወንዶች ራሰ በራ እንደማይሆኑ፣ ቴስቶስቴሮን ሲሰጣቸው ግን በዘራቸው በራነት ያለባቸው ፀጉራቸው መሳሳት እንደሚጀምር አሳየ። ዘርም ሆርሞንም ያስፈልጋሉ ማለት ነው። የፀጉሩን ሥር የሚያቀጭጨው ከቴስቶስቴሮን የሚሠራው ዳይሃይድሮቴስቶስቴሮን ሲሆን፣ ፊናስቴራይድ የተባለው ክኒን በደም ውስጥ ያለውን መጠን 70 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል። ለሁለት ዓመት በተደረገ ሙከራ ክኒኑን ከወሰዱት 83 በመቶው የፀጉራቸው ቁጥር አልቀነሰም፤ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ግን እንዲህ የሆኑት 28 በመቶ ብቻ ናቸው። ቅቤና የጉሎ ዘይት ፀጉርን ያለሰልሳሉ፤ ይህን ሆርሞን ግን አይነኩም።

«ዓመት ከዓመት ክኒን ከመዋጥ አንዴ አስተክሎ መገላገል አይሻልም?» የሚል ይኖራል። ከማጅራት በላይ ያለው ፀጉር ወደ ግንባር ቢዛወርም ጠባዩን እንደማይለውጥ ኖርማን ኦረንትራይክ እ.ኤ.አ. በ1959 አሳይቷል፤ ንቅለ ተከላው እውነተኛ ሕክምና ነው። ችግሩ በዙሪያው ያለውን ነባር ፀጉር አለማዳኑ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት በራነቱ የት እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም፤ ከኋላ የሚወሰደውም ፀጉር ተመልሶ አይበቅልም። ቸኩሎ ግንባሩን ያስሞላ ወጣት፣ መሳሳቱ ወደ አናቱ ሲቀጥል ከፊት የተተከለ ፀጉር ከኋላው ባዶ ሜዳ ይዞ ሊቀር ይችላል፤ ያንን የሚሸፍንበትም ፀጉር አስቀድሞ ወጪ ሆኗል። ለንቅለ ተከላ ኢስታንቡል ለመሄድ ገንዘብ የሚያጠራቅም ሁሉ ይህን ቢመዝን እመኛለሁ።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የፊናስቴራይድ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ሊናቅም አይገባም። በሙከራዎቹ ከወሲብ ጋር የተያያዘ ችግር የገጠማቸው 3.8 በመቶ ሲሆኑ፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 2.1 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ይሁንና የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2012 ችግሩ ክኒኑ ከተቋረጠ በኋላም እንደቀጠለ የሚገልጹ ሪፖርቶች በመድኃኒቱ መግለጫ እንዲካተቱ አድርጓል፤ የአውሮፓው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ራስን የማጥፋት ሐሳብን ከጎንዮሽ ጉዳቶቹ ቆጥሮታል። ድባቴ ያለበት ወይም የነበረበት ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር ሊጀምር አይገባም። ክኒን የሚፈራ የሚቀባውን ሚኖክሲዲል መምረጥ ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉ ቢብስ አይደንግጥ፣ ሲያቆመው ግን ያተረፈውን በወራት ውስጥ ያጣል። ምንም ሳይወስዱ ፀጉርን አሳጥሮ መኖርም ሙሉ ውሳኔ ነው፤ በራነት በራሱ ጤና አይነሳምና። መታከም የመረጠ ግን ከመጀመሩ በፊት በአንድ ቦታና በአንድ ብርሃን ፎቶ ይነሳ፤ ከ12 ወር በኋላም ደግሞ ያነጻጽር። ፊናስቴራይድ እስከዚያ ካልጠቀመው ከዚያ በኋላ የመጥቀሙ ዕድል አነስተኛ ነውና፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ያቁመው።