ለቤተሰብ የሚስማማ የቤት ትምህርት እንዴት ይመረጣል?



ባለፈው ዓመት በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ ግዛት ከምትኖር አንዲት የቀድሞ አባላችን ደብዳቤ ደርሶን ነበር። እኅታችን የዘጠኝ ዓመት ልጇን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አስወጥታ በቤት ልታስተምራት ማሰቧን ገልጻ፣ «የካቶሊክ የቤት ትምህርት የሚያዘጋጁት ድርጅቶች ብዙ ስለሆኑብኝ የትኛውን እንደምመርጥ እናንተ ተማሪዎች መርምሩልኝ» ስትል ጠየቀችን። እኛም በጥናት ክፍላችን ተሰብስበን ከተነጋገርን በኋላ ብዙ መጻሕፍትና ብዙ ፈተና ያለው፣ ከሁሉም ጥብቅ መስሎ የታየን መርሐ ትምህርት እንዲሆን በአንድ ሳምንት ውስጥ መልስ ጻፍን።

ከሦስት ወር በኋላ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። እኅታችን በሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ናት፤ ባለቤቷ ታክሲ ይነዳል። ጠዋት ከሥራ ስትገባ እንቅልፍ ባልጠገበ ዓይን የልጇን ደብተር ታርማለች። ልጅቱ ከተመደበላት ዕቅድ በአምስት ሳምንት ወደ ኋላ ቀርታለች፤ እናትና ልጅ በየቀኑ ይላቀሳሉ። ደብዳቤው «ጸሎት እንኳ የምናደርሰው ተኳርፈን ነው» በሚል ቃል ነበር ያለቀው። ይህን ስናነብ አፈርን። ስለ መጻሕፍቱ ብዙ አጥንተን፣ በቤቱ ውስጥ ቀን የሚገኘው ማን እንደሆነ ግን አንድም ጊዜ አልጠየቅንም ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው እኛም ጥናቱን እንደገና ጀመርነው። ከዚህ በታች የምናቀርበው ይህን ሁለተኛውን ጥናት ነው።

የወላጅ መብትና ግዴታ

ወላጅ ልጁን በቤቱ እንዲያስተምር የታዘዘው ዛሬ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 እግዚአብሔር ለእስራኤል ሕጉን ሲሰጥ፣ በቤት ሲቀመጡም ሆነ በመንገድ ሲሄዱ ለልጆቻቸው እንዲያስተምሩት አዟል። ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ታስተምራለች። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ ወላጆች የልጆቻቸው ቀዳሚና ዋና አስተማሪዎች መሆናቸውን ገልጿል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ቤተሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር ይህን አጽንተውታል። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና መጽሐፍ (እ.ኤ.አ. 1990) በበኩሉ ልጆችን የማስተማር ኃላፊነት በቅድሚያ የወላጆች እንደሆነ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ጽሑፎች አንዱም ልጅን ከትምህርት ቤት አውጡ አይልም። ጉባኤው ራሱ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችን ያመሰግናል፤ ይደግፋልም። እንግዲህ ወላጅ ይህን ኃላፊነት በትምህርት ቤት በኩልም ሆነ በቤት ሊወጣው ይችላል። መንገዱን እንደ ቤቱ ሁኔታ መምረጥ የራሱ ፈንታ ነው።

በአሜሪካ እንዴት ተጀመረ?

የአሜሪካ ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በ1884 በባልቲሞር ባደረጉት ሦስተኛው ጉባኤ እያንዳንዱ ቁምስና ትምህርት ቤት እንዲሠራ አዘዋል። በኦሬገን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1922 ልጆች ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ እንዲማሩ የሚያስገድድ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ደናግል መነኮሳት ተከራክረው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1925 ሕጉን ሽሮታል። ከጊዜ በኋላ አንዳንድ የቁምስና ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ የሌሎቹም ክፍያ ሲጨምር፣ ልጆቻቸውን በቤት ማስተማር የመረጡ የካቶሊክ ቤተሰቦች እየበዙ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1993 ገደማ የቤት ትምህርት በ50ዎቹም ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ሆነ። ለእነዚህ ቤተሰቦች መጻሕፍትና የትምህርት ዕቅድ የሚልኩ ድርጅቶችም ተቋቋሙ። ሥራቸው በአገራችን ድሮ የተልእኮ ትምህርት፣ ዛሬ የርቀት ትምህርት ከምንለው ጋር ይመሳሰላል።

ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች

አንደኛው ዓይነት ሁሉን አዘጋጅቶ የሚሰጥ ነው። በቨርጂኒያ ግዛት በፍሮንት ሮያል ከተማ የሚገኘው ሲተን የቤት ትምህርት ቤት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ልጁ ተመዝግቦ መጻሕፍቱና የየዕለቱ ዕቅድ ይላኩለታል፤ ፈተናውን ድርጅቱ አርሞ ውጤቱን ይመዘግባል። የንባብና የፊደል አጻጻፍ መጻሕፍቱ ሳይቀሩ በሃይማኖት ትምህርት የተሞሉ ናቸው። ምን እንደሚያስተምር ለሚጨነቅ ወላጅ ዕረፍት ይሰጣል። ነገር ግን የሥራው ብዛት ጊዜ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ዓይነት ክላሲካል የሚባለው ነው። በካሊፎርኒያ የተጀመሩት ኮልቤ አካዳሚ እና በሎራ በርክዊስት የተመሠረተው «የመለኮታዊ ጸጋ እናት» የተባለው ትምህርት ቤት በዚህ ይመደባሉ። የእንግሊዟ ጸሐፊ ዶሮቲ ሴየርስ እ.ኤ.አ. በ1947 ባቀረበችው ንግግር የልጅ ትምህርት ሦስት ደረጃ እንዳለው አስረድታለች፤ ይኸውም በመጀመሪያ በቃል ማጥናት፣ ቀጥሎ መመርመርና መከራከር፣ በመጨረሻም አሳምሮ መናገርና መጻፍ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአብነት ተማሪም ፊደልና ዳዊት በቃሉ ሳይዝ ወደ ቅኔ አይሻገርም፤ ትርጓሜም ኋላ ይመጣል። በዚህ ዓይነት ወላጅ ዕቅዱን እንደ ልጁ አቅም ሊያሻሽል ይችላል፤ ይሁን እንጂ ከልጁ ጋር አብሮ ማንበብና መወያየት ይጠበቅበታል።

ሦስተኛው ዓይነት ወላጅ ያለ ምዝገባ መጻሕፍትና ዕቅድ እየገዛ ራሱ የሚያስተምርበት ነው። ካቶሊክ ሄሪቴጅ ካሪኩላ የተባለው አዘጋጅ ቀለል ባሉ ትምህርቶቹ ይታወቃል። ይህ ከሌሎቹ ይልቅ ጊዜና ገንዘብ ይቆጥባል። በአንጻሩ መዝገብ መያዝና ውጤት መስጠት የወላጅ ሸክም ይሆናል።

ከመምረጥ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በመጀመሪያ፣ ቀን በቤት የሚውለው ማን ነው? ስንት ሰዓትስ ሳይደክመው ሊያስተምር ይችላል? ዕቅዱ በቀን አምስት ሰዓት የሚጠይቅ ሆኖ በቤቱ ያለው ሁለት ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ መጽሐፉ መልካም ቢሆንም ለዚያ ቤት አይሆንም። እኛ የሳትነው እዚህ ላይ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የግዛቱ ሕግ ምን ይላል? በሜሪላንድ ወላጅ ትምህርቱን ከመጀመሩ ቢያንስ ከ15 ቀን በፊት ማስታወቅ አለበት። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ኅብረተሰብ፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና የሰውነት ማጎልመሻ ማስተማርም ግዴታው ነው። የልጁን ሥራዎች በማኅደር አስቀምጦ ለሚመለከተው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ያሳያል፤ ወይም በሕግ በታወቀ ትምህርት ቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን ተቋም ክትትል ሥር ይሆናል። ጎረቤቷ ቨርጂኒያ ደግሞ ወላጅ በፈረንጆች እስከ ኦገስት 15 እንዲያስታውቅ፣ በዓመቱም መጨረሻ የልጁን መሻሻል በፈተና ወይም በግምገማ እንዲያሳይ ትጠይቃለች። በቴክሳስ ግን የቤት ትምህርት እንደ ግል ትምህርት ቤት ስለሚቆጠር ማስታወቅ አያስፈልግም። ስለዚህ በአንዱ ግዛት የሚኖር ዘመድ የሰጠው ምክር በሌላው ላይሠራ ይችላል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ልጁ ራሱ እንዴት ያለ ነው? ንባብ የሚወድ ልጅ አለ፤ በእጁ ካልሠራ የማይገባውም አለ። ከትምህርት ቤት የሚያስወጣው ምክንያትስ ምንድን ነው? ልጁ በትምህርት ቤት የሚሰድቡት ልጆች ስላሉ ከሆነ፣ አስቀድሞ ከመምህራኑ ጋር መነጋገር ይገባል። ጓደኛም ያስፈልገዋል፤ በቁምስናው ሌሎች በቤት የሚማሩ ልጆች መኖራቸውን ማጣራት መልካም ነው።

በአራተኛ ደረጃ፣ ክፍያው ምን ምን ያካትታል? መጻሕፍትን ብቻ ነው ወይስ እርማትንም ይጨምራል? ልጁ በዓመቱ መካከል ቢያቆም ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? ድርጅቱ እውቅና አለው ወይ? በተለይ ልጁ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ የውጤት ማስረጃው ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ስለሚፈለግ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በአምስተኛ ደረጃ፣ የግእዝ ሥርዓታችን የት ይገባል? የጠቀስናቸው መርሐ ትምህርቶች በላቲን ሥርዓት ቤተሰቦች የተዘጋጁ ናቸው። የልደት በዓል በዲሴምበር 25 ነው፤ ቤተሰቡ ግን ታኅሣሥ 29ን ሊጠብቅ ይችላል። ልጆች አደግ ሲሉ ለምሥጢረ ሜሮን የሚያዘጋጅ ትምህርት በላቲኖቹ ዘንድ የተለመደ ነው። በምሥራቅ ሥርዓት ግን ሜሮን ከጥምቀት ጋር ስለሚሰጥ፣ አስቀድሞ የተቀባ ልጅ ምሥጢሩን ሁለተኛ አይቀበልም። በላቲን ቁምስና ለብዙ ጊዜ ቅዳሴ ማስቀደስ ብቻውንም ልጁን ከሥርዓቱ አያወጣውም። ፊደልና ግእዝ፣ ውዳሴ ማርያምም በእነዚያ መጻሕፍት አይገኙም። እናት ሲተን ቅድስት ተብላ የታወጀችው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ የእኛው ሐዋርያ አቡነ ያዕቆብ፣ ማለት ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስም፣ በዚያው ዓመት ነው የታወጁት። በአሜሪካ ያለ ልጃችን የመጀመሪያዋን ከመጽሐፉ ይማራል፤ ሁለተኛውን ግን አባትና እናት ካልነገሩት የሚነግረው የለም። ስለ ሰማዕቱ ስለ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም እንዲሁ ነው። እንግዲህ የትኛውም መርሐ ትምህርት ቢመረጥ ይህን ክፍል ቤተሰቡ ራሱ ይጨምርበታል።

እኅታችን ምን አደረገች?

እነዚህን ጥያቄዎች ይቅርታ ከመጠየቅ ጋር ላክንላት። ከባለቤቷ ጋር ተነጋግረው አንድ በአንድ መለሱ። የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ በቂ ሆነ። ልጅቱን ወደ ትምህርት ቤት መለሷት። ሆኖም ቅዳሜ ጠዋት አባት ታክሲውን አቁሞ ለሁለት ሰዓት ፊደልና ትምህርተ ክርስቶስ ያስተምራታል፤ ለዚህም ሦስተኛውን ዓይነት ተከትለው የሃይማኖት መጽሐፉን ብቻ ገዙ። በቅርቡ የደረሰን ደብዳቤ ከሥሩ በልጅቱ እጅ በአማርኛ የተጻፈ አንድ መስመር ነበረበት። ፊደሎቹ ጠማማ ናቸው፤ «ሰላም ነው?» ብቻ ነው የሚለው። በጥናት ክፍላችን ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበልነው።

ሌላ ቤተሰብ፣ እናት ወይም አባት ቀን በቤት የሚውሉበት፣ በእነዚሁ ጥያቄዎች ተመርቶ ሙሉውን የቤት ትምህርት ሊመርጥ ይችላል፤ ደግም ያደርጋል። እኛ የተማርነው ለሰው ቤት ምክር ከመስጠታችን በፊት የቤቱን ሰዎች ጭምር ማወቅ እንደሚገባን ነው።

ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

እኛ በአገራችን ያለን ወጣቶች ያደግነው በትምህርት ቤት ስለሆነ ነገሩ የሩቅ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ታናናሾቻችን አማትበው የሚተኙት ማን አስተምሯቸው ነው? ብዙዎቻችን ይህን ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ትተናል። በእሑድ አንድ ሰዓት ብቻ የሚሰማ ትምህርት በቤት ካልተደገመ ይረሳል። ስለዚህ እያንዳንዳችን በዚህ ሳምንት ከታናናሾቻችን ለአንዱ አንድ ጸሎት ወይም የአንድ ቅዱስ ታሪክ በቤታችን እንድናስተምር አደራ እንላለን።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. ወላጅ ቀዳሚ አስተማሪ ነው ሲባል የትምህርት ቤትና የሰንበት ትምህርት ቤት ድርሻ ምንድን ነው?
2. በእናንተ ቤት ለትምህርተ ክርስቶስ የሚመች ሰዓት የትኛው ነው? የሚያስተምረውስ ማን ነው?
3. በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ልጆች ሥርዓታቸውንና ቋንቋቸውን እንዲያውቁ ከዚህ ሆነን ምን ልንልክላቸው እንችላለን?